ያልጸደቀው የ«የውብዳር» መስጠም

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ነው፤ ምጽዋ ወደባችን፣ እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት በነበርኩበት ጊዜ። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። በገዛ ጣቶቼ ለሞተ ሰው «ከሥራ ገበታህ ያለፈቃድ ስለቀረህ» የሚል ማስጠንቀቂያ የጻፍኩ ሴት ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። የጻፍኩት ግን ሦስት ጊዜ ነው።

የተቀጠርኩት በአንድ የወደብ ጎታች ጀልባዎች ኩባንያ ውስጥ ነበር። ጎታች ጀልባ ማለት ትንሽ ሆና ጉልበተኛ የሆነች ጀልባ ናት፤ ትልቁ መርከብ ወደቡ ውስጥ በራሱ መዞር ስለማይችል እሷ በገመድ እየጎተተች ታስገባዋለች፣ ታስወጣዋለች። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ታዲያ መርካቶ ነበር፤ ጎጃም በረንዳ አጠገብ፣ ከቆዳ መጋዘን በላይ ያለው ፎቅ ላይ። ለምን መርካቶ ሆነ ቢባል፣ ባለቤቱ ቀኛዝማች ዘለቀ መርካቶ ስለሚኖሩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቀኛዝማች የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱን ጀልባዎች የገዙት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያን ላይ ነው። የጣልያን ስማቸውን አስፍቀው አንደኛዋን «ቀኛዝማች»፣ ሁለተኛዋን በባለቤታቸው ስም «የውብዳር» አሏቸው። ሊጎበኟቸው አንድ ጊዜ ጉዞ ጀምረው ነበር ይባላል፤ አስመራ ሲደርሱ ስለ ምጽዋ ሙቀት የሚወራውን ሰምተው ከዚያው ተመለሱ። እኛ ሠራተኞቹማ ባሕር የምናውቀው በግድግዳው ካሌንደር ላይ ነበር።

በራችን ላይ «ጎታች» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ስለነበር፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሾፌር እያለከለከ ይመጣል።

«ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናዬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆማብኛለች፤ ቶሎ ኑና ጎትቱልኝ!»

ዘበኛችን «የእኛ የሚጎትተው ውሃ ላይ ነው» ይለዋል።

«ታዲያ ድልድዩ ሥር ውሃ አለ አይደል?» ብሎ የተቆጣ ሾፌር አስታውሳለሁ።

ሥራውን የሚመሩት ምክትል ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው ነበሩ። ደብዳቤ አዋቂ ናቸው። ማንኛውም ነገር በደብዳቤ ካልመጣ እንዳልሆነ፣ በደብዳቤ ከመጣም ገና እንዳልጸደቀ ይቆጥሩታል። ምጽዋ ያለው ካፒቴን ሳልህ፣ የ«የውብዳር» የገመድ መንጠቆ ስለዛገና በችግር ጊዜ አልለቅ ስለሚል አዲስ እንዲላክለት ደጋግሞ ጽፎ ነበር። አቶ ግርማቸው መንጠቆ የሚለውን አንብበው ወደ መጋዘኑ ወረዱና፣ ቆዳ የሚሰቀልባቸውን አንድ ደርዘን መንጠቆዎች አስቆጥረው ላኩለት። የሸኚውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለመርከብ ይሆናል ወይ?» ብዬም አልጠየቅሁም። ለእኔ መንጠቆ መንጠቆ ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ከምጽዋ ቴሌግራም መጣ። እስከ ዛሬ ቃል በቃል በአእምሮዬ አለ።

«የውብዳር ሰጠመች። መካኒክ ሐሚድ ጠፋ። ምን ላድርግ። ሳልህ።»

በዚያ ሰሞን የቀኛዝማች ባለቤት፣ እትዬ የውብዳር፣ በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ቀኛዝማች በሕልምና በምልክት የሚያምኑ ሰው ናቸው። አቶ ግርማቸው ቴሌግራሙን ሦስት ጊዜ አነበቡና ላብ አጠመቃቸው።

«እሳቸው ፊት ቆሜ ‹የውብዳር ሰጠመች› የምል እኔ ማን ነኝ? እስኪሻላቸው ይቆይ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማማሁ። ሌላም ሰው ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። እትዬ የውብዳር በሁለት ሳምንት ተሽሏቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ደግሞ «እስከ አሁን ለምን ደበቅህ?» የሚለው ጥያቄ አስፈራ። በዚሁ ነገሩ ሰነበተ፣ ከረመ።

ለካፒቴኑ መልስ መስጠት ግን ግድ ነበር። አቶ ግርማቸው ቆመው እየተንጎራደዱ አስጻፉኝ። «የጀልባዋ መስጠም በዋናው መሥሪያ ቤት ስላልጸደቀ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ በሥራ ላይ እንዳለች ተቆጥራ ሪፖርቷ በየወሩ ይላክ።» ካፒቴኑም ትዕዛዝ ነውና በየወሩ «የውብዳር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም» እያለ ይጽፍ ጀመር። ውሸት አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ መካኒኩ ጉዳይ መጡ።

«ጠፋ ይላል» አሉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘርግተው። «ያለፈቃድ ከሥራ የጠፋ ሠራተኛ ደግሞ በደንቡ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።»

«አቶ ግርማቸው፣ ጠፋ ማለት እኮ ሞተ ማለቱ ይሆናል» አልኩ።

«ሞተ ለማለት ከፈለገ ሞተ ይል ነበር። ወይዘሪት ወይንሸት፣ እኛ የምንሠራው በተጻፈው ነው።»

ጻፍኩት። «ለመካኒክ ሐሚድ። ከሥራ ገበታህ ያለፈቃድ ስለቀረህ ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል። ባስቸኳይ ወደ ሥራህ ተመለስ።» መልስ የለም። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛውን ስጽፍ ቃሉን ሳላየው ጣቴ ያውቀው ነበር። እየጻፍኩ ስለ ምሳዬ አስብ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሦስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ቀኛዝማች ጠሩኝና «የኩባንያው ታሪክ በመጽሐፍ ይታተማል፣ እኔ እየነገርኩሽ ትጽፊያለሽ» አሉኝ። ከሚኒስቴሩ አንድ ባለሥልጣን ባሉበት ትልቅ ግብዣ ተደርጎ ይነበባል። ወረቀት አስገብቼ ጠበቅሁ።

«ከንግሥተ ሳባ ጀምሪ» አሉ።

«ኩባንያው ነው ወይስ አገሩ፣ ክቡር ቀኛዝማች?»

«ኩባንያው ነው እንጂ! ንግሥቲቱ ባሕር ተሻግራ የለም? መርከቧን ከወደብ ጎትቶ ያስወጣ ሰው መኖር አለበት። የሙያው አባት እሱ ነው።»

ጀልባዎቹ የተገዙበት ዘመን ላይ የደረስነው አርባኛው ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ማዕበል በማዕበል ሆነ። ቀኛዝማች ራሳቸው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመው ገመድ ይዘዋል፤ የውጭ አገር መርከብ አድነዋል፤ ባዕድ ካፒቴኖች ባርኔጣቸውን አንሥተውላቸዋል። ስለ «የውብዳር» የተጻፈው አንድ ሙሉ ገጽ ሲሆን «ዛሬም ድረስ በቀይ ባሕር ላይ እንደ ስሟ ባለቤት ሳትበገር ትገኛለች» ብሎ ያልቃል። ይህን ሲያስጽፉኝ አቶ ግርማቸው ጥግ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያዩ ነበር። እኔም የማሽኑን ፊደሎች።

ለግብዣው ካፒቴን ሳልህ እንዲመጣ ታዘዘ፤ ካባ ሊሸለም። የደረሰው በሐምሌ ዝናብ ነው። ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ በነጭ ሸሚዝና በሰንደል ጫማ የመጣ ሰው። የመርካቶ ጭቃ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውጦታል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አቶ ግርማቸው ወደ ሰልባጅ ተራ ወስጄ ካፖርት እንድፈልግለት ላኩኝ።

ሰልባጅ ነጋዴዋ ቡናማ ካፖርት አለበሰችው። ጀርባው ሰፊ፣ እጀታው ረጅም ነበር። ሞቅ ሲለው ትከሻው ወረደና ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች አወጣ። ገና ሳይዘረጋቸው አወቅኋቸው።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያ ቢሮ ነሽ። ይህን የሚጽፍ ማነው?» አለኝ። አማርኛው ዝግ ያለ፣ አንድ አንዱን ቃል እየመረጠ ነው።

«አቶ ግርማቸው ያስጽፋሉ» አልኩ።

«ማን ያስጽፋል አላልኩም።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነጋዴዋ በሰጠችን ዱካ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። በዚያን ቀን ኃይለኛ ነፋስ ነበር። «የውብዳር» አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ እየጎተተች ሳለ መርከቡን ነፋስ ገፋው፤ ገመዱ ከኋላዋ ወደ ጎኗ ዞረና አጋደማት። በዚህ ጊዜ መንጠቆው ገመዱን መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም። በመዶሻ መቱት፤ አልለቀቀም። ተገለበጠች። ከላይ የነበሩት ሰዎች ዘለሉ። ሐሚድ ታች ሞተሩ ዘንድ ነበር።

«እስክትሰጥም ስንት ሰዓት ፈጀ?» አልኩት።

«ሰዓት?» አለ። «አንድ ሲጋራ ለኩሰሽ አትጨርሺም።»

ቀጥሎም «የላካችሁት መንጠቆ ደርሶናል፤ ልብስ እንሰቅልበታለን» አለኝ። ለማሾፍ አልነበረም። መድረሱን ማሳወቁ ነው።

አስከሬኑ አልተገኘም። የሐሚድ ሚስት ዘይነብ ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ እንደ ሃይማኖቷ ለባሏ የምትይዘውን የሐዘን ጊዜም አልጀመረችም። ካፒቴኑ ሞቷል ቢላትም እሷ የምታምነው ማኅተም ያለውን ወረቀት ነው። ሦስቱንም ወረቀቶች ለጎረቤት አስነብባለች። «ወደ ሥራህ ተመለስ» ይላል። ለሞተ ሰው ማን እንዲህ ይጽፋል? ስለዚህ ባሏ በሕይወት አለ፤ የሄደው ወደ ሌላ አገር፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ሴት ነው። ምሽት ላይ ወደብ ወርዳ ከመርከብ የሚወጡትን ሰዎች ፊት ታያለች አለኝ።

«እኔ ካባ አልፈልግም» አለ ካፒቴን ሳልህ። «አንድ ወረቀት ብቻ። ሐሚድ ሞቷል የሚል። ማኅተም ያለው።»

እንደተመለስን ቀጥታ አቶ ግርማቸው ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ መነጽራቸውን ወለወሉ።

«ያሳዝናል። ነገር ግን ካልሰጠመች ጀልባ ላይ ሰው አይሞትም። ይህን ወረቀት ከጻፍን መስጠሟን አጸደቅን ማለት ነው። ከግብዣው በኋላ ኮሚቴ እናቋቁማለን።» ቀጥለውም ካፒቴኑ ግብዣው ላይ ከተጠየቀ «የውብዳር ለእድሳት ቆማለች» እንዲል አዘዙ።

በግብዣው ቀን መጋዘኑ ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጠፈበት። ቆዳዎቹ ቢወጡም ሽታቸው አልወጣም። ባለሥልጣኑ መሃል፣ ቀኛዝማች በቀኛቸው፣ እትዬ የውብዳር በግራቸው ተቀመጡ። እትዬ የውብዳር ሰፊ ሴት ናቸው፤ የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራቸው። ካፒቴን ሳልህ በዚያ ቡናማ ካፖርት ከአቶ ግርማቸው ጎን ነው። አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ከንግሥተ ሳባ ጀመርኩ። አሥረኛው ገጽ ላይ ባለሥልጣኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሃያኛው ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። ቀኛዝማች ግን እያንዳንዱን ማዕበል እንደገና ያዩት ይመስል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ያ ገጽ ደረሰ።

«የውብዳር» ብዬ ጀመርኩ፤ «ዛሬም ድረስ…»

ቀና ስል ካፒቴን ሳልህን አየሁት። እያየኝ ነው። ምንም አልጠየቀኝም፤ የሚጠብቅም አይመስልም። እጆቹ በረጅሙ እጀታ ውስጥ ጠፍተው ጭኑ ላይ ተኝተዋል። ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

«የውብዳር ሰጥማለች» አልኩ። «ከሰጠመች ሦስት ዓመቷ ነው። መካኒኳ ሐሚድ አብሯት ሞቷል። አልጠፋም። ሞቷል።»

ድምፄ መቆሙ ነው መሰለኝ ባለሥልጣኑ ብንን አሉ፤ ንባቡ ያለቀ መስሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ማን እጁን ሊያጣጥፍ? ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። አቶ ግርማቸውም አጨበጨቡ። ሐሚድ መሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተነገረው በጭብጨባ ነው።

እጃቸውን ያላነሡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ካፒቴኑ ነው፤ ሁለተኛዋ እትዬ የውብዳር። ጭብጨባው ሲበርድ ነጠላቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እኔ እንግዲህ ደረቅ ነኝ» አሉ። «ሰውየው ማነው? ሚስት አለችው?»

ቀኛዝማች ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ አቶ ግርማቸው ዞሩ። «ሰጥማለች?»

«ጉዳዩ እየተጣራ ነው፣ ክቡር ቀኛዝማች።»

«ሦስት ዓመት?!»

«ባሕሩ ጥልቅ ነው፣ ክቡር ቀኛዝማች።»

እትዬ የውብዳር ሁለቱንም አላዩዋቸውም። ካፒቴኑን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ዘይነብ ሲነግራቸው ሰሙ፤ ጨርሶ ሲያበቃ ተነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ማሽንሽን አምጪ። እዚሁ ትጽፊዋለሽ።»

ማሽኑን ሁለት ኩሊዎች ተሸክመው አወረዱልኝ። እንግዶቹ ጥብሳቸውን ይዘው ከበው ያያሉ። ካፒቴኑ የሐሚድን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ረጅም ስም እንደነበረው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከስሙ በኋላ ጣቴ በለመደው ሄዶ «ከሥራ ገበታህ» ብሎ መታ። ወረቀቱን ጎትቼ አወጣሁት፣ ቀደድኩት፣ ሌላ አስገባሁ። «ጀልባዋ በሰጠመች ጊዜ በሥራው ላይ ሳለ ሞቷል» ብዬ ጨረስኩ። ቀኛዝማች ማኅተሙን መቱ። ካፒቴን ሳልህ ቀለሙ እስኪደርቅ ትንፋሹን ኡፍ ኡፍ እያለበት ቆመ። በማግሥቱ ሄደ። የተሸለመውን ካባ ግን ረስቶት ይሁን ትቶት አላውቅም፣ ወንበሩ ላይ አገኘነው።

መጽሐፉ ታተመ። «የውብዳር ለብዙ ዘመን ካገለገለች በኋላ በክብር ጡረታ ወጥታለች» ይላል። አቶ ግርማቸው ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እንዲያውም በሳምንቱ ጠሩኝና ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ «ከጸደቀው ጽሑፍ ውጪ በአደባባይ ስላነበብሽ ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል» የሚል። ለወይዘሪት ወይንሸት። ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ፈርሜ ተቀበልኩት።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በከረጢት የተቋጠረ ነገር ይዞልኝ መጣ። የደረቀ ዓሣ ነው። ካፒቴኑ በቃል የላከው እንዲህ ይላል፦ «ዘይነብ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ሐዘኗን ጨርሳ ተነሥታለች። ይህን ወረቀቱን ለጻፈችው ልጅ ስጡልኝ ብላለች።» አቶ ግርማቸው ቢሮው ሸተተ ብለው፣ ያውም በቆዳ መጋዘን ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ቤት እንድወስደው አዘዙኝ። ወሰድኩት። እናቴ ቀቅላው አብረን በላነው። ጨዋማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ካፒቴን ሳልህንም ሁለተኛ አላየሁትም። አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ፣ ደብዳቤ ጀምሬ ጀምሬ ድፍረት አጥቼ ቀደድኩት። ሦስቱን ማስጠንቀቂያዎች የጻፍኳቸውም እኔው እንደሆንኩ ለዘይነብ ነግሯት ይሆን? ነግሯት ከሆነ ይቅር ብላኛለች ማለት ነው። ካልነገራት ግን ያን ዓሣ የበላሁት የእኔ ሳይሆን ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ በኀፍረት ይግላል።